ከመጨረሻው ጥድ በታች

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ማግስት ነበርና የቢቸና መናኸሪያ ሰው በሰው ሆኗል። እኔ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሞጣ ተጠርቼ ነበር፤ ስገፋና ስገፋፋ በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ቦታ አገኘሁ። ቦታ አገኘሁ ስል ግማሽ ቦታ ማለቴ ነው። ሌላውን ግማሽ የያዘው በነጭ አጎበር ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ እርጥብ ጆንያ የተደረገለት አንድ ትልቅ የችግኝ ሸክም ነው። ባለቤቱ ሸክሙን እንደ ሕፃን አቅፈው የተቀመጡ፣ ጢማቸው ከጥምጥማቸው ይልቅ የነጣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

ረዳቱ፣ “አባ፣ ይህን ከላይ እንጫነው፤ ሰው እኮ ቆሟል” አላቸው።

“ከላይ ነፋስ ይመታዋል፣ ልጄ። ጭኔ ላይ ይሁን፤ ለማንም አልከብድም።”

እውነቱን ለመናገር ለእኔ ከብደውኝ ነበር። የኮሶው ቅጠል ጆሮዬን ይነካካኛል፣ የጆንያው ውኃ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ዛፍ የማውቀው ጥላውን ብቻ ነው። ክህነታቸውን ባላከብር ኖሮ እንደ ረዳቱ እኔም እናገር ነበር።

ከፊታችን የነበረች፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ የያዘ ወጣት ዘወር ብላ መጀመሪያ ችግኙን፣ ቀጥሎ አጎበሩን፣ በመጨረሻ ቄሱን አየች። ከወንበሯ ብድግ ብላም፣ “አባቴ፣ ይፍቱኝ” አለች።

“እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ።”

“የያዙት ጥድና ኮሶ ነው። ከየት ወዴት ነው የሚወስዱት?”

“ከዚሁ ከቢቸና፣ ከእናቲቱ ደብር ነው የማመጣው። የምወስደው ወደ ቆላይቱ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ከሞጣ ወርደሽ ወደ ዓባይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያለች ደብር ናት። እኔ ገበዟ ነኝ፤ ወልደ ሰንበት ይሉኛል። ደብሪቱን የመሠረቱት ከቢቸና የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ታቦቱም ከዚሁ ነው የወረደ። ታቦቱ ከወረደ ደግሞ ዛፉም መውረድ አለበት። ጥድና ኮሶ የሌለው የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ አጸድ ነው ይባላል?”

“እኔ ጸደንያ እባላለሁ። ሞጣ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትም ስለ ዕፅዋት ነው።”

“እሰይ፣ ባለሙያ አገኘሁ። እንግዲያ ዘንድሮ እንዲይዝልኝ መርቂልኝ።”

ልጅቷ አልመረቀችም። “አባ፣ ልዋሽዎ አልችልም። እዚያ ቆላ አይይዝም። እነዚህም ይደርቃሉ” አለች።

ለቄስ እንዲህ ሲነገር ስሰማ ደነገጥሁ። በእኛ ዘመን ለሽማግሌ ክፉ ነገር የሚነገረው ዙሪያ ጥምጥም ተኬዶ ነበር። ቄሰ ገበዝ ግን አልተቆጡም።

“መድረቁንማ እኔም አውቃለሁ” አሉ። “በየክረምቱ እሸከማለሁ። ክረምቱን ለምልሞ ይከርማል፤ ጥር ሲገባ ቅጠሉ ይቀላል፤ ፋሲካ ሳይደርስ ለማገዶ ነው። ምክንያቱንም ደርሰንበታል።”

“ምን ሆኖ ነው?”

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እጅ ነው” አሉ። “ከአጸዱ ጥግ ጎጆ ያላት ይርጋነሽ የምትባል ሴት አለች። ከወንዝ ውኃ እያወጣች ችግኙን የምታጠጣው እርሷ ናት። ሁለት ባል አግብታ ሁለቱም ሞቱባት። ምእመኑ ባል ገፊ ናት ይላታል። ባል የገፋ እጅ ችግኝም ይገፋል ተባለና ሰበካ ጉባኤው ወሰነ። ለዐሥራ ስድስት፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ እነዚህን ሳንተክል በፊት ከአጸዱ ትወጣለች። የምነግራትም እኔ ነኝ።”

“ወጥታስ የት ትሄዳለች?”

“ወደ ዘመዶቿ።”

“ዘመድ አላት?”

ቄሱ የታጠፈ የኮሶ ቅጠል በጣታቸው አቃኑ። “የላትም” አሉ። “ያለነው እኛ ነን። ሁለተኛው ባሏ፣ ሣህለ ማርያም፣ የእኔ ታናሽ ወንድም ነበር።”

ይህን ጊዜ የጆንያውን ውኃ ረሳሁት። አንዲት ሴት ውኃ ተሸክማ ባጠጣች ቤቷ ሊፈርስ ነው፤ የሚያፈርሰውም የሟች ባሏ ወንድም ነው። ተናደድሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ “ቄሰ ገበዝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለም?” አልሁ።

“መምህር” አሉኝ። አስተማሪ መሆኔን በምን እንዳወቁ እንጃ፤ ምናልባት በንዴቴ ይሆናል። “ዳውላውን የምመታው አህያውን ስላጣሁት ነው። አህያውን ያሳዩኝና እርሱን እመታለሁ።”

አህያውን እኔም አላውቀውም ነበር። አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ የደብረ ወርቅን መንገድ ያዘ። ጸደንያ ግን ወደ ፊቷ አልዞረችም፤ የወንበሩን መደገፊያ እንደ ያዘች ቀጠለች።

“አባ፣ ከሞጣ ወደ ደብርዎ የሚወርዱት በእግር ነው?”

“መኪና የሚገባ መሰለሽ?”

“ሲወርዱ ታዲያ፣ የመጨረሻውን ጥድ የሚያዩት የት ላይ ነው?”

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈኑ። በሐሳባቸው መንገዱን እየወረዱ መሆናቸው ያስታውቃል። “ከሞጣ ስትወጪ በየደጃፉ ጥድ አለ። ወረድ ስትዪ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ማረፊያው ድንጋይ ጋ ስትደርሺ አንድ ጎባጣ ጥድ አለ፤ ከቆላ የሚወጣ ሰው ሁሉ ላቡን የሚጠርገው ከሥሩ ነው። ከእርሱ በታች…” ዐይናቸውን ገለጡ። “ከእርሱ በታች የለም።”

“ምን አለ?”

“ዋንዛ አለ። ደግሞ ወረድ ስትዪ አባሎ፣ ግራር፣ ሮቃ። ወንዙ ዳር ሾላ።”

“ኮሶስ?”

“ኮሶማ የደጋ ነው፤ ቆላ ምን ሊሠራ ይወርዳል?”

ይህን ያሉት ኮሶ ታቅፈው ነው። ቃላቸውን ራሳቸው ሰሙትና ወደ ጭናቸው አዩ።

“ከማረፊያው ድንጋይ በታች እስከ ዓባይ ድረስ ያ ሁሉ ቁልቁለት ጥድ የለበትም” አለች ጸደንያ ቀስ ብላ። “እዚያ ሁሉ ይርጋነሽ ውኃ ስላጠጣች ነው የደረቀው?”

ከአጠገባችን የቆሙት ሳቁ። ቄሰ ገበዝ አልሳቁም። የሰው ሳቅ ክርክርን እንደሚያበላሽ አውቃለሁና እኔም ተቆጣጠርሁ። ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ፊታቸው የቅኔ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

“ነገር ታውቂያለሽ” አሉ። “እኔም ልጠይቅሽ። ፈጣሪ በዕለተ ማክሰኞ ምድርን አብቅይ ባላት ጊዜ ይህ ለደጋ ያ ለቆላ ብሎ አልከፈለላትም። ከጥፋት ውኃም በኋላ አራዊቱ ሁሉ የወጡት ከአንዲት መርከብ ነው። ከአንድ በር ለወጣ ፍጥረት ምድር ሁሉ ቤቱ አይደለም? እሱም ይቅር፤ ባሕር ዛፍን እይው። ከባሕር ማዶ መጥቶ ደጃችንን ሞላው። በርበሬውም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም እንደዚሁ እንግዳ ነው ይላሉ። ባሕር የተሻገረው ሲበቅል ከቢቸና የወረደው ለምን ይደርቃል? ይህን መልሺልኝ።”

እኔ ተረታች ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚመለስ አልመሰለኝም። እርሷ ግን ደስ አላት፤ እንዲያውም ጥያቄውን ስትጠብቀው የነበረች ትመስላለች።

“አባ፣ ይህን ትልልቅ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠይቀውታል። መልሱ አንድ ፍጥረት በአንድ አገር እንዲገኝ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል የሚል ነው። መድረስ አንድ ነገር ነው፣ መኖር ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ድሮ እኛ ጋ ያልነበረው መኖር ስላቃተው ሳይሆን መድረስ ስላልቻለ ነው፤ ዘሩ ባሕር አይዋኝም። ሰው አሻገረው። ሲደርስ ደግሞ ደጋችንና ወይና ደጋችን ተስማማውና ኖረ። በርበሬና በቆሎም ከአሜሪካ ምድር እንዲሁ በሰው እጅ ነው የተሻገሩ።”

“ጥዱስ?”

“ጥዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወደ ደብርዎ እንዳይደርስ የሚከለክለው የለም። ፍሬውን ወፍ በልታ ትጥለዋለች፣ ጎርፍም ያወርደዋል። እርስዎ ሳይወለዱ በፊት ጀምሮ ሲደርስ ነው የኖረ። የሚያቅተው መኖሩ ነው፤ የዓባይን በረሃ ሙቀት አይችለውም። እርስዎ የሚያደርጉለት ወፍ ያደረገችለትን ነው፤ ያደርሱታል። ማኖር ግን ወፏም እርስዎም አትችሉም።”

“ውኃ ቢያገኝስ?”

“ውኃ ጥሙን ያስታግሥለታል እንጂ አገሩን ደጋ አያደርግለትም። ጮቄ ወጥተው ያውቃሉ፣ አባ?”

“በልጅነቴ፤ ቅኔ ፍለጋ ስዞር።”

“ጅብራ የምትባለውን ተክል አይተዋታል?”

“በጉም ውስጥ ሰው መስላ የምትቆመውን? አይቻታለሁ። ሽፍታ መስላኝ ሰላምታ ሰጥቻታለሁ።”

አሁን ሁላችንም ሳቅን፣ እርሳቸውም ጭምር።

“የጅብራ ዘመዶች በኬንያም፣ በኡጋንዳም፣ በታንዛንያም አሉ” አለች። “ግን ከረጃጅም ተራሮች ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለው ቆላ ላይ አንድም አያገኙም። ለእኛ ባሕር ማለት ውኃ ነው፤ ለጅብራ ባሕሯ ቆላው ነው፣ ተራራዋም ደሴት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የለም። ያጠረው ሰው የለም፤ ሣሩና ገደሉ ካሉበት ርቆ ስለማይኖር ነው።”

ቄሰ ገበዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲህ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ደብር ሰጥቶታል በዪኛ።”

“እንዲህ አድርጎ የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም፣ አባ።”

እኔ በበኩሌ ይህን እየሰማሁ አንድ ነገር ገረመኝ። የእኛ ሰው ይህን ዕውቀት ከአባቱ ወርሶታል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ አገሩን የከፈለ፣ ገብስን ቆላ የማይዘራ፣ ማሽላን ደጋ የማያወጣ ገበሬ ነው። አጸድ ላይ ሲደርስ ግን ዕውቀቱን እንደ ጫማው ከደጀ ሰላም ውጭ አውልቆ ይገባል። እርሻው ቢደርቅ ዝናቡን ይጠይቃል፤ አጸዱ ቢደርቅ መበለት ይፈልጋል።

ግንደወይን ስንደርስ ጎማ ተነፈሰና ወረድን። ዝናብ ያካፋል። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋን፤ ቄሱ ሸክማቸውን በመካከላችን አቆሙት። ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከባዱ ገና ነው።

“የነገርሽኝን ሁሉ ተቀበልሁ እንበል” አሉ። “ታዲያ አጸዴ ባዶውን ይቅር? ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፍ ራቁቷን ናት።”

“ከአጸዱ ውስጥ በራሱ የሚበቅል ዛፍ የለም?”

“ሾላ ነዋ። በየዓመቱ ይበቅላል፤ በየዓመቱ አስነቅለዋለሁ።”

“ለምን?”

ቄሱ ኮስተር አሉ። “ሾላ አድባር የሚሉት ዛፍ ነው። ሰዉ ቅቤ ሲቀባው፣ ዶሮ ሲያርድለት ኖሯል። እኔ ያንን ለማስቀረት ስንት ዘመን አስተማርሁ። አሁን ከመቅደሱ ጎን አቁሜ ምእመኑን መልሼ ላስተው? ይህ የሙቀትና የብርድ ነገር አይደለም፣ ልጄ። የነፍስ ነገር ነው።”

ጸደንያ ለዚህ አልቸኮለችም። “ስጋትዎ ይገባኛል” አለች። “ግን ሾላው ቅቤ ቀቡኝ ብሏል?”

“የቀባውስ ሰው ነው።”

“እንግዲያ ጥፋቱ የሰው ነው፤ ንስሐውም የሰው ነው። ዛፉ የበቀለው አገሩ ስለሆነ ብቻ ነው። ሰው ባጠፋ ዛፉ ይነቀላል፤ ዛፉ በደረቀ ሴቲቱ ትነቀላለች። በዚያ አጸድ ያላጠፋ ነው የሚቀጣ።”

እኔም መናገር አማረኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። “ቄሰ ገበዝ፣ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ አይደል የሚባለው?” አልሁ።

“መምህር፣ ዛሬ ገና አንድ ነገር ተናገሩ” አሉኝ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነበርና ደስ አለኝ።

ረዳቱ ጎማውን እስኪቀይር ልጅቷ ጎንበስ ብላ ችግኙ የተጠቀለለበትን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰች። “አባ፣ ይህን አጎበር ከየት አገኙት?”

“ከጤና ኬላ ነው የታደለን። ለወባ ነው፣ ከሥሩ ተኙ ይሉናል። ከሥሩ ስተኛ የተገነዝሁ እየመሰለኝ ተውሁት። ለችግኝ ግን የሚያህለው የለም፤ ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይከለክላል።”

“ወንድምዎ ሣህለ ማርያም ወደ ቆላ የወረደው ከየት ነው?”

“ከቢቸና፤ እኔ ቀድሜ ወርጄ እርሱ ተከተለኝ።”

“የሞተውስ መቼ ነው?”

“መስከረም ሊያልቅ ሲል። ብርድ ብርድ አለው፤ ከዚያ ያተኩሰዋል፤ ያልበውና ደህና ይሆናል፤ ዳግመኛ ይነሣበታል። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አጠጣነው።”

“የመጀመሪያው ባሏስ?”

“እርሱ የጎንቻ ደገኛ ነበር። የሞተውም እንዲሁ በመስከረም…” ሽማግሌው ቃሉን አልጨረሱትም።

“አባ፣ ሐኪም አላያቸውምና ይህ ነው ብዬ አልምልም” አለች ጸደንያ፤ ድምፅዋ እስከ አሁን እንደ ነበረው የክርክር አልነበረም። “የነገሩኝ ሁሉ ግን የወባ ነገር ነው። ወባ የምትሸከመው ትንኝም አገር አላት። ጥድ ሙቀት እንደማይችል እርሷም ብርድ አትችልም። ዝናቡ ሲቆም ካቆረው ውኃ ትፈላለች። ደገኛ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አልለመዳትም፤ ሲወርድ አጥብቃ ትጥለዋለች። ዛሬ ዛሬማ አየሩ እየሞቀ ስለሆነ እርሷም ወደ ላይ እየወጣች ነው። ይርጋነሽ የቆላ ልጅ ናት?”

“የቆላ ልጅ ናት።”

“ለዚህ ይሆናል እርሷ የተረፈችው። ሁለት ደገኛ አገባች። የገፋቻቸው እርሷ አይደለችም።”

ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝናቡን ያዩ ጀመር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አላወቅሁም። በኋላ ለማንም ሳይሆን፣ “ዳማከሴውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ” አሉ። ደግሞ ቆይተው፣ “አጎበሩ ያኔም ነበረ። ከምሰሶው ላይ ሽንኩርት አስረንበት ነበር።”

እኔ ከዚያ ቀደም በቄሱ ላይ የተናደድሁትን ያህል አዘንሁላቸው። ሰው ባለማወቁ የገዛ ወንድሙን ማጣቱን በሽምግልናው ሲሰማ ማየት ከባድ ነው። ልጅቷም አንገቷን ደፋች፤ ያሸነፈች አትመስልም ነበር።

ሞጣ ደረስን። ስንወርድ ሸክማቸውን ትከሻቸው ላይ አደላድዬ አሸከምኋቸው። ጸደንያ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ “ይርጋነሽስ፣ አባ?” አለቻቸው።

“ለኪዳነ ምሕረት ውረዱ” አሉን። አሳመነቻቸውም አላሳመነቻቸውም ለማለት ቸገረኝ። ሽማግሌ ሐሳቡን የሚለውጠው ሰው ፊት አይደለም።

ክርስትናውን በልቼ መመለስ ሲገባኝ ሞጣ ቆየሁ። እህቴ ምግቧ የጣመኝ መስሏት ተደስታለች፤ እኔን የያዘኝ ግን የይርጋነሽ ነገር ነበር። በዐሥራ ስድስት ጠዋት ከጸደንያ ጋር ወረድሁ። እርሷ ከችግኝ ጣቢያው የዋንዛና የሮቃ ችግኝ በቅርጫት ይዛለች። ቄሰ ገበዝ በዚያው ሰሞን ኮሶዎቹን ከጣቢያው በር አስቀምጠው፣ ለዘበኛው “ለደገኞቹ ደጋቸውን ስጡልኝ” ብለው እንደ ሄዱ በመንገድ ነገረችኝ።

ማረፊያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ጎባጣውን ጥድ አየሁት። ከእርሱ ጀርባ፣ በላይኛው በኩል፣ አፈራቸው ገና ያልደረቀ ትናንሽ ጥዶች ተተክለው በእሾህ ታጥረዋል። ጸደንያ ከአንዱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ከእኔ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

ደብሪቱ ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ አጸዱ ውስጥ ተቀምጧል። ጥላ የለምና ሁሉም ነጠላውን በራሱ ላይ ጥሏል። ከሩቅ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ የቆመች ቀጭን ሴት አለች። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት።

የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ፈረደ ብድግ አሉ። “ቄሰ ገበዝ፣ ችግኙ የታለ? ሴቲቱስ እስከ ዛሬ ለምን አልወጣችም? የወሰንነው ሌላ ነበር።”

ቄሱ ወደ መካከል ወጡ። “ችግኙ አገሩ ገብቷል” አሉ። “ከማረፊያው ድንጋይ በላይ ተክየዋለሁ። ወንድሞቼ፣ ከዚያ ድንጋይ በታች ጥድ ያየ ሰው ይነሣ።”

የተነሣ የለም። አንዱ አንዱን አየ።

“ይህን ሁላችን እናውቅ ነበር። በየሳምንቱ ለገበያ እየወጣን እናየዋለን። ፈጣሪ ጥድን ለደጋ፣ ሾላን ለቆላ ሰጥቷል፤ እኔ ግን የሰጠኝን እየነቀልሁ ያልሰጠኝን እየለመንሁ ኖርሁ። ሲደርቅብኝም ውኃ ያጠጣችውን ከሰስሁ። ወንድሜን የገደለውም የእርሷ ዕድል አይደለም። የዚህ ቆላ ትንኝ ነው፤ መከላከያውንም ሰጥተውን ሽንኩርት አስረንበታል።”

አቶ ፈረደ፣ “ሾላ ብታቆሙ ሰው ቅቤ ይቀባዋል” አሉ።

“የሚቀባውን እኔ እመክረዋለሁ፤ የተቀጠርሁት ለዚያ ነው። ዛፉን ግን አልቀጣውም።” ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ይርጋነሽ፣ እስቲ ነዪ። የመጀመሪያውን አንቺ ትከይልን።”

ሴቲቱ መጣች። ጀሪካኑን ከቄሱ እግር አጠገብ አስቀመጠች፤ የተቆፈረውን ጉድጓድ አየች፤ ሕዝቡን አየች። ጸደንያ ከአጸዱ ጥግ ከነአፈሩ ያነሣችውን የሾላ ቡቃያ አቀረበችላት። አልተቀበለቻትም።

“አይ፣ አባ” አለች። “እኔ አልተክልም። አንድ ቀን በግ ገብቶ ቢበላው ዳግመኛ የእኔ እጅ ነው ትላላችሁ። ውኃውን አወጣለሁ፤ እጄን ግን ከአፈሩ አላገባም።”

ይህን የተናገረችው ሳትቆጣና ሳታለቅስ ነበር። በዚያ አጸድ ቀና ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔ እንግዳው እንኳ አቀረቀርሁ።

ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ለአቶ ፈረደ አስያዙና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ቡቃያውን ከጸደንያ እጅ ተቀብለው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙት፤ አፈሩን በሁለት እጃቸው መለሱበት። “እውነትሽን ነው” አሉ። “እንግዲያ የተከልሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙ፤ ቢደርቅ የወልደ ሰንበት እጅ ነው በሉ። ያኔ ከአጸዱ የምታወጡት እኔን ነው።”

ይርጋነሽ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ ቀጥሎ ጀሪካኑን አንሥታ በእጃቸው ዙሪያ ውኃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ከእርሷ በኋላ አቶ ፈረደ ሳይቀሩ ሰዉ ሁሉ ዋንዛውንና ሮቃውን ተሻምቶ ተከለ። ጸደንያ በየጉድጓዱ እየዞረች የሾላው ሥር አፈሩን ከጎርፍ እንደሚይዝ፣ ወፍ ፍሬውን ፍለጋ ስትመጣ የሌላ አገር-በቀል ዛፍ ዘር ይዛ እንደምትመጣ፣ የሮቃው ፍሬ ለአብነት ተማሪዎች የጾም መጠጥ እንደሚሆን፣ ዋንዛው ሲያረጅ ለከበሮና ለቤተ መቅደስ በር እንደሚሆን ታስረዳለች። አጎበሩን በተመለከተ ቄሱ ራሳቸው ዐወጁ፤ በየቤቱ ሽንኩርትና ጭድ የታሰረበት ሁሉ ታጥቦ ከአልጋ በላይ እንዲሰቀል፣ ብርድ ብርድ ያለውም ሰው ዳማከሴ ከመጠጣቱ በፊት ጤና ኬላ እንዲሄድ። ከዚያ በኋላ በመስከረም በመንደሩ የሚለቀሰው ለቅሶ ከወትሮው አነሰ።

ዳግመኛ የወረድሁት ጥር ላይ፣ ቅጠል ይቀላበታል በተባለው ወር ነው። ፀሐዩ ይጋረፋል። ከወንዙ አቀበት ላይ አንድ ሽማግሌ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው፣ ጥምጥማቸው በላብ ርሶ ሲወጡ አገኘሁ። ልቀበላቸው ብል ቄሰ ገበዝ እንቢ አሉኝ። አጸዱ ውስጥ ሾላው እስከ ወገቤ ደርሷል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ይርጋነሽ ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

“ቀስ ብለው፣ አባ” አለቻቸው እንዝርቷን ሳታቆም። “ውኃው ከሥሩ ነው እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይደለም።”